ምንም ዓይነት ድምፅ አልተሰማም

አባቴ ሞጣ ስልክ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ሰው ስልክ የሚደውለው ወረፋ ይዞ፣ «ደጀን አገናኙኝ፣ ቢቸና አገናኙኝ» ብሎ ነበር። አባቴ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ እየሰኩ፣ ቀኑን ሙሉ «ሃሎ ቢቸና! ሃሎ ቢቸና!» ሲሉ ይውላሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ብዬ ማዳመጫውን ተቀብያቸው አዳምጥ ነበር። እኔ ሽው ከሚል ንፋስ በቀር ምንም አልሰማበትም፤ እሳቸው ግን ሰው ይለዩበታል። «ይኼ ጉንፋን ይዞታል» ይሉኛል። «ይቺ ስታለቅስ ያደረች ናት።»

ጡረታ ከወጡ በኋላ እናቴ ሞተች። ከዚያ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ በቀስ ብርሃናቸውን ወሰደው። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» አለ፤ ሐኪም ሁሉ የሚለውን። እህቴ ሞጣ አለች፤ ግን የራሷ ቤተሰብ አላት፣ ቤቷም ጠባብ ነው። እኔ ደግሞ ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። ስለዚህ አባቴን አመጣኋቸው።

መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከለመደው አገር ነቅሎ ማምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሦስት ወር ሳይሞላ አባቴ ሠፈሩን በጆሯቸው ተማሩት። በራችን አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ይለያሉ። የቦኖዋ ጠባቂ ጫማዋን እየጎተተች ነው የምትሄደው። የማዶው ቤት በር ሲከፈት ሁለት ጊዜ ይጮሃል፣ ሲዘጋ አንድ ጊዜ። ባጃጅ ከላይ ሲመጣ ፍሬን ይይዛል፣ ከታች ሲመጣ ሞተሩ ያቃስታል። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ሲወጡ መንገዱን በዱላቸውና በነዚህ ድምፆች ነበር የሚሻገሩት። «ልምራዎት» ስላቸው ይቆጡኛል። «እኔ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መቼ ታወረ?»

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓደኛ አገኙ። አንድ ቀን አንድ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመው፣ «እዚህ ቤት ከሞጣ የመጣ የስልክ ሰው አለ አሉኝ» አሉ። አባቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ቢቸና!» ብለው ጮኹ። ሰውየው የቢቸና ስልክ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ለሃያ ዓመት በየቀኑ ሲነጋገሩ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኒያ ሽማግሌ በየጠዋቱ ይመጡ ጀመር። አግዳሚዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማን ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረ ዛሬም ሚስጥር እየጠበቁ፣ ግን በግማሽ ቃል እየተግባቡ ይስቃሉ። አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

ይህንን ሁሉ የማወራው ምን እንደተወሰደብን እንዲታወቅ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤት ተከራየ። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። የተከራየው ሰው የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ላሜራና ቱቦ ብረት ከአይሱዙ ሲወርድ አየሁና «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ግራይንደሩ ተነሳ።

ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ያልሰማ ሰው ካለ እንዴት ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም። ጆሮ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ምጣድ በሚስማር ሲፋቅ የሚሰቀጥጠንን ያህል ነው፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ። መሐል መሐል ላይ መዶሻ አለ። እኔ ትምህርት ቤት ውዬ እመለሳለሁ፤ አባቴ ግን ቤት ናቸው። ከሥራ ስመለስ አግዳሚዋ ላይ አጣኋቸው። ጓዳ ገብተው፣ ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር።

«ምን ሆኑ አባዬ?»

«ጨለመብኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሰውየው ነው። የጎረቤት ነገር በጎረቤት ይለቅ ብዬ። ሲያየኝ ግራይንደሩን አጠፋ፤ እጁ ላይ ዘይት ስለነበር የእጁን አንጓ ሰጠኝ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፊቱ የብረት ትቢያ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነው። ስለ አባቴ ዓይንና ስለ ጆሯቸው አንድ በአንድ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ቲቸር፣ እውነት ነው የሚሉት» አለኝ። «ግን ብረት በሹክሹክታ አይቆረጥም። እኔስ ምን ልሁን?»

«ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ተው። ሽማግሌዎቹ የሚያወሩበትን ሰዓት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሻገሩበትን ሰዓት።»

«እሺ» አለ። ሦስት ቀን ጠበቀልን። በአራተኛው ቀን አስቸኳይ ሥራ መጣበት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሥራ አስቸኳይ ሆነ። የአባቴ ጓደኛ ጥቂት ቀን እየመጡ በጆሮ ተጠግተው ለመነጋገር ሞከሩ። አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው «እ?» ይላል። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ለሰው ያሰሙ ሰዎች ናቸው፤ እርስ በርስ መሰማማት አቃታቸው። ኋላ እኒያ ሽማግሌ መምጣት አቆሙ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ «ልጄ፣ እሱን ማስጮህ አሳፈረኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቀበሌ የሄድኩት።

ከመሄዴ በፊት የጎረቤቶችን ፊርማ ላሰባስብ ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ፈረመልኝ፤ ሁሉም ጩኸቱ እንዳስመረረው እየማለ። በሁለተኛው ሳምንት ከአሥራ አንዱ ሰባቱ «ስሜን ሰርዢልኝ» እያሉ መጡ። አንዱ በር እያሠራ ነው፤ የአንዷ ወንድም እዚያ ብየዳ ተቀጥሯል። አንዷ ደግሞ ዓይኔን ሳታይ፣ «ለአንድ ሽማግሌ ብለን ከሰው እንቀያየም?» አለችኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን አውቃለሁ። የትኛውን ጎረቤት እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ፊርማውን ተውኩትና ማመልከቻውን በራሴ ስም ጻፍኩ።

የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፤ ኮቱ በደንብ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ከስብሰባ የወጣ። ማመልከቻዬን ግማሹን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እህቴ፣ የድምፅ ብክለትን በተመለከተ መመሪያ አለ» አለኝ። «ግን ገና ወደ ታች አልወረደም።»

«የት ነው ያለው?»

«ከላይ ነው።»

«እስኪወርድ ድረስ አባቴ ምን ይሁኑ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት በመንገዱ ላይ የማስታወቂያ መኪና አለፈ፤ ጣራው ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ የጫነ፣ የፍራሽ ቅናሽ የሚለፍፍ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው። «ይሄ ነገር እኮ አያሠራም!» አለ ተናዶ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና፣ «እና ምን እያልን ነበር?» አለኝ።

አልገባውም። እምላለሁ፣ ፊቱን አየሁት፤ ቅንጣት ታህል አልገባውም።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ላከኝ። ማዘጋጃ ቤት «የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው» አሉኝ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለስ፣ ይህ የሰው ጤና የሚነካ ስለሆነ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው አለኝ። ጤና ጽሕፈት ቤት «ቀበሌ ያረጋግጥልን» ብለው መለሱኝ። እያንዳንዱ ቢሮ ማመልከቻዬ ላይ አንድ መስመር መርቶበታል፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእነሱ «ለሚመለከተው» በዛ። በስልኬ የድምፅ መለኪያ አውርጄ፣ አግዳሚዋ ላይ አስቀምጬ የለካሁትን ወስጄ አሳየሁ። ሥራ አስኪያጁ ስልኬን እንኳ አልተቀበለኝም። «ስልክ ማስረጃ አይሆንም። ኮሚቴ ነው የሚያረጋግጠው።»

«እሺ፣ ኮሚቴ ላኩ።»

ኮሚቴ ለማቋቋም አንድ ወር ፈጀ። በመጨረሻ ረቡዕ ጠዋት ይመጣሉ ተባልኩ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ቤት ቀረሁ። አባቴ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ፤ እንግዳ ይመጣል ብለው።

ረቡዕ ጠዋት በከተማው መብራት ጠፋ።

ከጎናችን ዝም አለ። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ወፍ ትሰማለች፤ የቦኖው ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲንዶለዶል ይሰማል። ከሁለት ወር በላይ ሠፈሩ በሥራ ቀን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። አባቴ ደስ ብሏቸው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ነበር። እኔ ቀበሌ ስልክ ደወልኩ፣ «ዛሬ መብራት የለም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አልኩ። «ወጥተዋል» አሉኝ።

ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ ከቀበሌ፣ አንዱ ከማዘጋጃ ቤት፣ አንዷ ከጤና። ግቢያችን መሐል ቆመው ጆሯቸውን አቀኑ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ያ ነው።

«ምንም የለም እኮ» አለ የማዘጋጃ ቤቱ።

«መብራት ስለሌለ ነው። ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው።»

«እኛ ያየነውን ነው የምንጽፈው።»

ሴትዮዋ ወደ አባቴ ጎንበስ ብላ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ መስማት የተሳናቸው ይመስል፣ «አባባ፣ እዚህ ግቢ ድምፅ ይሰማዎታል?» አለቻቸው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ዛሬ የእናንተን ሰማሁ፣ ልጄ። ሌላውን መብራት ሲመጣ ኑና አብረን እንሰማለን።»

ሳቀች። ሦስቱም ሳቁ። ለመንኳቸው፤ «ከሰዓት መብራት ይመጣ ይሆናል፣ ጠብቁ፣ ምሳ እዚሁ ብሉ» አልኳቸው። «ኮሚቴ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አይወጣም» ብለው ሄዱ። መብራቱ የመጣው እነሱ ከሄዱ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። ግራይንደሩ ያመለጠውን ሰዓት ለማካካስ ይመስል ያን ቀን ሳያቋርጥ ዋለ።

የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ የሰጡኝ በሳምንቱ ነው። ደረጃ በደረጃ ተጽፏል፤ የተገኙ፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ። «ኮሚቴው በቦታው በአካል ተገኝቶ ባደረገው ምልከታ ምንም ዓይነት ድምፅ ያልተሰማ መሆኑን አረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «አመልካቿም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቻችለው እንዲኖሩ ምክር ተሰጥቷቸዋል።» ሦስት ፊርማ፣ አንድ ክብ ማህተም። ማንም ምክር አልሰጠኝም ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። ወረቀቱን ይዤ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ገልብጦ አሠራሩን ሳያሳየኝ ሲመጣ ዜሮ እሰጠዋለሁ። እነዚህ የተሳሳተ መልስ በማህተም ሰጡኝና እኔ ወደቅሁ።

ለአባቴ አነበብኩላቸው። «በእኛ ጊዜ መስመር ሲበላሽ ‹ተበላሸ› ብለን መዝገብ ላይ እንጽፍ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ይከብደኛል። ጥር ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ እያለሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ላይ መጥቶ ጠራኝ፤ ፊቱን ሳይ ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። አባቴ እንደልማዳቸው ለመሳለም ወጥተው፣ መንገዱ ዳር ቆመው አዳምጠዋል። ያዳመጡት ግን ግራይንደር ነው። ባጃጅ ከላይ ሲመጣ ፍሬኑን አልሰሙም፤ ከታችም ሌላ ሲመጣ አልሰሙም። መንገዱ ባዶ ነው ብለው አይደለም የገቡት። ኋላ እንደነገሩኝ፣ «ስንት ሰዓት ቆሜ ልጠብቅ? እንደ ድንጋይ ቆምኩ። በቃ እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ገባሁ» ነው ያሉኝ።

ከላይ የመጣው ባጃጅ ገጭቶ ጣላቸው። ሆስፒታል ስደርስ ግራ እጃቸው ከአንጓው በላይ ተሰብሮ ሊታሸግ ነበር፤ ግንባራቸው ተፍቋል። አጠገባቸው የቆመው የብረት ሠራተኛው ነው። ሸሚዙ በደም ተበክሏል። አይቶ እየሮጠ ወጥቶ፣ አንስቶ አቅፎ፣ እዚያው ባጃጅ ላይ ጭኖ ያመጣቸው እሱ ነው። አመሰገንኩት። ማመስገን ነበረብኝ። 

በማግስቱ የሐኪም ወረቀቱን ይዤ ቀበሌ ገባሁ። ሰው ነበር ቢሮው ውስጥ፤ አልጠበቅሁም። ወረቀቱን የሥራ አስኪያጁ መዝገብ ላይ ዘረጋሁት።

አነበበው። አዘነም፤ አዝኗል፤ አልዋሽም። «እግዚአብሔር ይማራቸው» አለ። ከዚያ ግን ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ይሄ ግን እህቴ፣ የትራፊክ ጉዳይ ነው። ወደ ፖሊስ ነው መሄድ ያለብዎት።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። ሃያ ዓመት ሳስተምር ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት ጮህኩ። «እንግዲያው ይኼኛውን ድምፅ መዝግብ!» አልኩት። «ጻፍ! ኮሚቴህን ጥራ! አሁን ይሰማችኋል ወይስ አሁንም ምንም አልተሰማም?» ሌላም ብዙ ብያለሁ፤ ሁሉን አላስታውሰውም። የቀበሌው ዘበኛ መጥቶ ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ «ይብቃዎት የኔ እመቤት፣ ይብቃዎት» እያለ። ጩኸቴን ሰምተው ከየቢሮው የወጡት ሠራተኞች በረንዳው ላይ ተደርድረው ያዩኝ ነበር። የእኔ ጩኸት ኮሚቴ አላስፈለገውም።

አባቴ በጄሶ የታሸገ እጃቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ሁለት ሳምንት ተቀመጡና፣ አንድ ጠዋት፣ «ሞጣ መልሺኝ» አሉኝ።

«አባዬ፣ እጠብቅዎታለሁ። እኔ ነኝ የማሻግርዎት ከእንግዲህ።»

«እሱን አይደለም። እዚህ ምንም አይታየኝም።»

ተከራከርኩ። አለቀስኩ። እህቴ ደውላ፣ «ቤቴ ቢጠብም ይምጡ፣ እናብቃቃለን» አለች። ለመሄድ በተነሱበት ቀን ጓደኛቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው። መኪናው ጋ ሆነው፣ ግራይንደር በሌለበት፣ ቀስ ብለው ረጅም አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ሲኖር በስልክ ይገናኛሉ።

አባቴን አድርሼ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ግራይንደሩ ግን እንዳለ ነው። አሁን እንግዲህ ለማን ብዬ ልከራከር? ተይው ያለኝ ብዙ ነው። ግን ንዴቱ አላስተኛኝ አለ። ወደ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሄጄ የማመልከቻዬን ፋይል እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ልጅ ድሮ ያስተማርኳት ናት። ፋይሉን አውጥታ አገላብጣ አየችው። ግራና ቀኝ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ ድምፅ አትበዪ። ከማመልከቻው ላይ ድምፅ የሚለውን ቃል አውጪው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሰውየው ፈቃዱ ምን እንደሚል ጠይቂ። ያንን ብቻ።»

ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ፈቃዱ ብረታ ብረት መሸጥ እንጂ ማምረት አይልም ነበር፤ የተመዘገበበት አድራሻም ሌላ ቀበሌ ነው። አራት መስመር ማመልከቻ ጻፍኩ። ስለ ጆሮ የለበትም፣ ስለ ሽማግሌ የለበትም፣ ስለ ተሰበረ እጅ የለበትም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ መጥተው በሩን አሸጉት። ወራት ሙሉ ስለ ሰው ስጮህ ያልሰማኝ መንግሥት፣ ስለ ወረቀት ሹክ ስለው ወዲያው ሰማኝ።

በታሸገ ማግስት ሰውየው ቤቴ መጣ። አልገባም፤ በር ላይ ቆመ። «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ነበር።

«ቲቸር፣ አባትሽን አቅፌ ሐኪም ቤት ያደረስኩ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መንገዱን የደፈንክባቸውም አንተ ነህ።»

«ልመናሽን ሰምቼ ሦስት ቀን አቁሜያለሁ።»

«ሦስት ቀን።»

«ልንገርሽ» አለ። «እዚህ እንደምሠራ ሁሉም ያውቃሉ። ያ የመጣው ኮሚቴ፣ አንደኛው ሰውዬ፣ የግቢውን በር ያሠራው እኔ ጋ ነው። በዚያው ሳምንት ነበር መጥቶ የወሰደው። ትናንት ፈቃድህ አይልም ብለው ሲያሽጉ አብሮ መጥቶ ቆመ። በእኔና በአንቺ መሐል ተቀምጠው ይስቃሉ።»

ያን ቀን በእሱ ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ ወደ ሌላ ሄደ። ሁሉም ግን አልሄደም፤ እውነቱን ልናገር። ፊቱ አሳዘነኝ። ይቅርታ ግን አላልኩትም፤ እሱም አላለኝም። ከወር በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በደጀን መንገድ በኩል፣ ለእንደሱ ዓይነት ሥራ የተዘጋጀ መጠለያ ውስጥ ቦታ ተሰጠው። ይህ ቦታ ከመጀመሪያውም ነበረ። ሰውየውን እዚያ ማስገባት ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር። ይህን ሳስበው ነው ደሜ የሚፈላው። የጎረቤቴን እንጀራ ሳይነኩ የአባቴን መንገድ ማዳን ይችሉ ነበር፤ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።

ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሞጣ ሄድኩ። አባቴን የእህቴ ቤት በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። ጄሶው ተፈቷል፤ እጃቸው ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ጉልበታቸው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሽጉን፣ ፈቃዱን፣ ሰውየው በር ላይ የተናገረውን።

«አሁን ጸጥ ብሏል አባዬ። ይመለሱ።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ። በዚህ ዕድሜ አንድ ሠፈር ሁለት ጊዜ አልማርም።»

«እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ነይ እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ።»

ቆይተው ደግሞ፣ «እጄን ምን ብለው ጻፉት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልጻፉትም። የታሸገው በፈቃድ ነው። ስለ እርስዎ የሚል አንድ መስመር የለም።»

አባቴ ቁጡ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ግን ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። «ወረቀት አምጪ» አሉኝ። የእህቴ ልጅ ደብተር መሐል ላይ ሁለት ገጽ ገነጠልኩ። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ሙሉ ስማቸውን፣ የሥራ ዘመናቸውን፣ ምን እንደሰሙና ከየትኛው ቀን ጀምሮ መስማት እንደተሳናቸው፣ በየትኛው እጃቸው ላይ እንደወደቁ። «ምንም ዓይነት ድምፅ ያልተሰማ መሆኑን» የሚለው ተሰርዞ፣ «ድምፅ ነበረ፣ ሰው ጎድቷል» ተብሎ እንዲታረም ጠየቁ። ገንዘብም ካሳም አልጠየቁም። በቀኝ እጃቸው ጣት ፈረሙ፤ ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

ማመልከቻውን ሰኞ ዕለት ቀበሌ አስገባሁ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ «ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል፣ ፋይሉም ወደ ማኅደር ገብቷል» አለኝ። «የፈለጉትን አግኝተዋል፤ ምን ቀረዎት?»

«ውሸቱ ቀረ» አልኩት።

ወረቀቱን እንዲመዘገብ አስደረግሁ፤ ቁጥር ተሰጠው። እስካሁን መልስ የለም። በየሰኞው የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ፣ ጠመኔዬን አራግፌ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል፤ አንዳንዴ ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ሲያየኝ ጓሮ በር በኩል ሲወጣ አያለሁ። ዘበኛው ወንበር ያወጣልኛል። እቀመጣለሁ፤ ሥራ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ደብተር አርማለሁ።